ኮፍያውን ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ከደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያችን ነው። ባለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ስትታይ ሐኪሙ ዝም አለ። ከዚያ ሌላ ሐኪም ጠራ። የሕፃኑ የራስ ቅልና የላይኛው የአንጎሉ ክፍል አልተሠራም፣ ቢወለድም አይቆይም አሉን። አንደኛው «ሕጉ ይፈቅዳል፣ ይውጣና ተገላገሉ» አለን። ግን እኮ ይራገጣል! እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ሰምቼዋለሁ። አማቴ የሠራችለት የክር ኮፍያ አለ። ባለቤቴ ማታ ማታ ታወጣውና መልሳ ትደብቀዋለች። እናቴ ደግሞ «ምን በድላችሁ ነው?» ትላለች። ብናስወርደው ኃጢአት ነው? ወይስ የማይኖር ልጅ መጠበቁ ነው ሞኝነቱ? ኮፍያውንስ ምን እናድርገው?

መልስ፦ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ደብዳቤህን ሁለቴ አንብቤ ነው የተነሳሁት።

ከእናትህ ልጀምር። ምንም አልበደላችሁም። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። ያኔ ባለቤትህ የወር አበባዋ መቅረቱን እንኳ ገና ልብ አላለችውም ይሆናል። የላይኛው ጫፍ ሳይዘጋ ሲቀር ነው እንዲህ የሚሆነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን እጥረት አንዱ ነው፤ እርግማን ግን የለበትም። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታን የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ማን በደለ ብለው። እሱም አልበደለ፣ ወላጆቹም አልበደሉ አላቸው። ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ነው፣ አንብብላት። ቀስ ብለህ ግን። እሷም ደንግጣ ነው።

ሐኪሙ ስለ ሕጉ ያለው ልክ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ላይ፣ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ካለበት ማቋረጡ አያስቀጣም። ግን አያስቀጣም ማለት አድርጉት ማለት አይደለም። እስር ቤት አትገቡም ነው የሚላችሁ። አንተ የጠየቅኸኝ ደግሞ ስለ እስር ቤት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ጽንሱን ከመቼ ጀምሮ ሰው እንደምትለው ማወቅ ከፈለግህ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያህን ተመልከት። ጌታ የተወለደው ታኅሣሥ 29፣ የተፀነሰው መጋቢት 29። ዘጠኝ ወር ቁጠር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ታኅሣሥ 24 ተወለዱ፤ መጋቢት 24 ፅንሰታቸው ይከበራል። የእመቤታችን ፅንሰት ነሐሴ 7፣ ፍልሰታ መሐል ነው። ያልተወለደን ልጅ ቀን ቆርጠን፣ ቀድሰንና ከበሮ መትተን የምናከብር ሰዎች ነን፤ እንዴት መልሰን «ገና ሰው አልሆነም» እንላለን? ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዘመን ቅርፁ ወጥቷል አልወጣም የሚለውን ክርክር አልቀበልም ብሏል። ያው ባስልዮስ ግን ያስወረደችውን እስከ ሞት ከቁርባን አትከልክሏት ያለ ሰው ነው። አሥር ዓመት አለ፤ እሱንም በዘመን ብዛት ሳይሆን በንስሐዋ ሁኔታ መዝኑት አለ። ይሄኛውን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርህ። 1979 ዓ.ም.፣ ወሎ ውስጥ ጀማሪ አዋላጅ ነበርኩ። ሌሊት ነው፣ መብራት የለም፣ በፋኖስ ነው የምንሠራው። የተወለደው ልክ እንደ ልጅህ ያለ ነበር። ደነገጥኩ። በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ እናቱ ሳታየው ይዤው ወጣሁ። ያኔ እናት ካላየች ቶሎ ትረሳለች ይባል ነበር። ሲነጋ ልጠይቃት ስገባ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ሲስተር፣ ወንድ ነበር ሴት?» አለችኝ።

አላየሁም ነበር። በእጄ ተቀብዬው፣ ጠቅልዬው፣ ወንድ ይሁን ሴት አላየሁም። «ወንድ» አልኳት። ዝም ብዬ ነው ያልኳት። ከዚያ በኋላ ስም አውጥታለት እንደሆነ አላውቅም፤ አውጥታለት ከሆነ በኔ ውሸት ላይ ነው ያወጣችው። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። አሁንም ግን ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

ስለዚህ የኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ፣ ጠብቁት። አጭር ዕድሜ ነው ያለው፤ አብዛኛው ያለፈውም እዚያው እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። እሱን አንቀማው። ነገር ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። ደብዳቤህ ውስጥ ሐኪሙ ይናገራል፣ እናትህ ትናገራለች፣ አንተም ትናገራለህ። ባለቤትህ አንድ ቃል የላትም። ኮፍያ ታወጣለች፣ ኮፍያ ትደብቃለች። እስቲ ቁጭ በልና ጠይቃት። የሚሸከመው ያንተ ሆድ አይደለም።

ክትትሉን አታቋርጡ። እንዲህ ባለ እርግዝና የእንሽርት ውሃ ሊበዛ ይችላል፤ ሆዷ በድንገት ከገፋ ወይ ትንፋሽ ካጠራት ሳትውሉ ሳታድሩ ሂዱ። የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ነገሩ ሌላ ነው። እሷን ማትረፍ ልጁን መጥላት አይደለም። ያኔ ሐኪሙን ስሙ፤ ማንም ጎረቤት መጥቶ እንዲያስጨንቃችሁ አትፍቀዱ።

የንስሐ አባታችሁን ዛሬውኑ አግኙ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የምትጠመቀው፤ ሞት ለሚያሰጋው ሕፃን ግን ቀን አይጠበቅለትም። እንዲህ ካሉት ሕፃናት ብዙዎቹ ሞተው ይወለዳሉ፤ በሕይወት የመጡትም አብዛኛውን ጊዜ ሰዓታት ወይ ጥቂት ቀናት ነው የሚቆዩት። ስለዚህ ካህኑ ቀድመው ይወቁ፣ ስልካቸውም እጅህ ላይ ይኑር። ምጥ ሲመጣ ካህን ፍለጋ መሮጥ አያዋጣም።

ለሚቀጥለው ደግሞ፣ ገና ማሰብ ባትፈልጉም፣ ባለቤትህ ሳታረግዝ በፊት ሐኪም ታማክር። ለሌላው ሴት የሚበቃው የፎሊክ አሲድ መጠን ለሷ አይበቃም፤ አንዴ እንዲህ ላጋጠማት አሥር እጥፍ ገደማ ነው የሚታዘዘው። እንዲሁ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ እንዳትጀምር።

ኮፍያው? ከሕፃኑ ልብስ ጋር ቦርሳው ውስጥ ይግባ። ለአዋላጇ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ቶሎ ታጠልቅለታለች። ፊቱ እኮ አለ፤ አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ የጣቶቹ ጥፍር ሁሉ አለ። ኮፍያው ይሰፋዋል፣ እስከ ቅንድቡ ይወርዳል። ይውረድ። እንዲያ አድርጋ ለእናቱ ትስጣት።