ያስሞላሽው ጥርስ አብሮ አይነጣም፣ እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት

እህቴ፣ ሠርግሽ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ጥርሴን ባስነጣ የፊት ሙሌቴም አብሮ ይነጣል ወይ ነው ያልሽው? አይነጣም። አብሽሪ፣ ግን እንደኔ እንዳትሳሳቺ።

1. መጀመሪያ አስነጪ፣ ሙሌቱን ኋላ አስቀይሪ። ማንጫው ጄል ውስጥ ያለው ፐርኦክሳይድ የሚባል ኬሚካል የሚያነጣው ጥርሱን ነው። ኮምፖዚቱ፣ ማለትም ጥርስ መሳዩ ሙሌት፣ እንደነበረ ይቀራል። እኔ ለወንድሜ ኒካህ ብዬ ቀድሜ ሙሌቱን አሳደስኩ፤ ከጥርሴ አይለይም ነበር። ከዚያ አስነጣሁ። ሌሎቹ በረዶ ሲመስሉ እሱ እንደ በቆሎ ፍሬ ወየብ ብሎ መሃል ላይ ቁጭ አለ!

2. ካስነጣሽ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። ጥርስ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን አዲሱን ሙሌት በደንብ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ቀለሙም ትንሽ መለስ ብሎ ነው የሚረጋው። ይሄን ማን ይንገረኝ? በሦስተኛው ቀን ሄጄ "ቀይሩልኝ" አልኩ። ብሬን ተቀብለው ቀየሩልኝ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ። በኒካሁ ማግስት ዳቦ ስገምጥ ቋ አለ። በምላሴ ብነካው ጉድጓድ። ቁራጩን በሶፍት ጠቅልዬ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ ወጣሁ። የሚኒባሱ መስኮት አልዘጋ ብሎ ብርዱ ጥርሴ ውስጥ ይገባል፤ ካስነጡ በኋላ ለጥቂት ቀን ብርድ ይጠዘጥዛል፣ አትደንግጪ። ደሴ ስደርስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል "ቆሎ በልተሽበት ነው" አለችኝ። ወላሂ ቆሎ በአፌ አልዞረም! ደግሞ አዲስ ካርድ አውጪ ተባልኩ። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

3. ምን ልል ነበር... አዎ፣ ሌሎቹን ሙሌቶችሽንም ቀድመው ይዩልሽ። ጠርዙ የተከፈተ ካለ ጄሉ ሰርጎ ገብቶ ያሳምምሻል። የኋላ ጥርስሽ ላይ አማልጋም የሚባለው ብርማ የብረት ሙሌት ካለም ንገሪያቸው፤ ጄሉ ሲነካው ሜርኩሪ ሊለቅ ስለሚችል እዚያ ባይደርስ ይሻላል። ቡናም ለጥቂት ቀን ተዪ። እናቴ አቦሉን እንቢ ስላት አኩርፋኝ ነበር።

ኋላ ሌላ ቦታ ሄድኩና ሦስት ሳምንት ቆጥሬ አስሞላሁ። ሐኪሟ ቀለሙን በመስኮት ብርሃን እያስተያየች ነው የመረጠችው። ባለፈው የአክስቴ ልጅ አፌን አስከፍታ የትኛው እንደሆነ ፈልጋ አጣችው! ቤት ውስጥ የሚጠቀሙት ማንጫ ጄል ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፣ ሁለቱን ትጠብቂያለሽ፣ አንድ ይተርፍሻል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጀምሪ።