ሽቦ የሌለው «ስልክ»፣ ንብ የሌለው «ቀፎ»

ጥያቄ፦ «መምህር፣ የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። ፍራንኮ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። አዲስ ታፔላ ላሠራ ነው። አንድ ደንበኛዬ ‹ስልክ› በዐረብኛ ሽቦ ማለት ስለሆነ ለሞባይል አይሆንም፣ ‹ተንቀሳቃሽ ስልክ› ብለህ ጻፍ አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹ቀፎ› የተባለው ኔትወርኩ እንደ ማር እንጀራ ስለተከፋፈለ ነው ይላል። እውነት ነው? ታፔላው ላይስ ምን ልጻፍ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ደንበኛህ ስለ ቃሉ መነሻ ልክ ነው። «ስልክ» ከዐረብኛው «ሲልክ» የመጣ ነው። ትርጉሙም ሽቦ ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ድምፅ በውስጡ ሲሄድ ለማንም አይታይም። ምሰሶ ለምሰሶ ተያይዞ ተራራውንና ሸለቆውን የሚያቋርጠው ሽቦ ግን ይታያል። ዕቃው በሚታየው ነገር ቢጠራ አይገርምም። ዐረቦቹ ራሳቸው ግን ስልክን «ሃቲፍ» ነው የሚሉት፤ አካሉ ሳይታይ የሚጣራ እንደ ማለት ነው። ሽቦውን ይዘን የቀረነው እኛ ነን።

ታዲያ ሽቦው ሲቀር ቃሉም ይቅር? በፍጹም። እንደዚያ ከሆነ «ደወለ»ም መቅረት አለበት። «ደወለ» ከደወል የመጣ ነው፤ በኪስህ ውስጥ የሚንዘረዘረው ዕቃ ደግሞ ደወል የለውም። «ስልክ አያነሳም» እንላለን፤ ዛሬ ግን ጣት መስታወት ላይ ማንሸራተት ብቻ ነው። «መስመሩ ተቋረጠ» እንላለን፤ የተቆረጠ ገመድ የለም። «ካርድ ሙላልኝ» የሚልህ ሰውም የሚፋቅ ካርድ በእጁ ከያዘ ስንት ጊዜው ነው!

አንተ ባለህበት ከተማ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ። በአፋን ኦሮሞ ስልክ «ቢልቢላ» ነው፤ ቢልቢላ ደወልም ነው። አዳማ ላይ አንዱ «ደውልልኝ» ሲል ሌላው «ናፍ ቢልቢሊ» ይላል። ሁለቱም ጥሪውን የሰየሙት በደወሉ ነው። ይህን ጎን ለጎን በአንድ መንገድ ላይ መስማት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ስለ «ተንቀሳቃሽ ስልክ» ብዙ አልልም። ለመግለጫና ለደብዳቤ ጥሩ ቃል ነው፤ ከአፍ ግን አልገባም። ይልቅ ልብ ልትለው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አገራችን ሲገባ «ስልክ» ማለት ቤት ውስጥ ያለው ነበር፤ ቅጽል የሚያስፈልገው አዲሱ ነው። አሁን ተገልብጧል። «ስልኬን አየሽው?» ሲባል ማንም ሞባይል መሆኑን ያውቃል፤ ቅጽል የሚጨመርለት አሮጌው ነው፣ «የቤት ስልክ»፣ «መደበኛ ስልክ» እየተባለ።

ወደ «ቀፎ» እንምጣ፤ ጥያቄህን የወደድኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ደንበኛህ የተናገረው የኔትወርክ ታሪክ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ቤል ላቦራቶሪ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ምርምር ተቋም መሐንዲሶች አንድን ከተማ ባለ ስድስት ጎን ትንንሽ ክፍሎች አድርጎ መከፋፈልን አሰቡ። ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ክፍተት ሳይተው ይገጣጠማል፤ ልክ እንደ ማር እንጀራ። አንዱ ክፍል የተጠቀመበትን የሬዲዮ ሞገድ ራቅ ያለው ክፍል መልሶ ይጠቀምበታል፤ በጥቂት ሞገድ ብዙ ሰው ያወራል። ክፍሉ «ሴል» ተባለ፤ «ሴሉላር» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ሐሳቡ በእጅ የሚያዝ ስልክ ሆኖ የታየው ቆይቶ ነው። የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1973 ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ ደወለ፤ የደወለው እዚያው ቤል ላቦራቶሪ ላለው ተፎካካሪው ለጆኤል ኤንግል ነበር። ለገበያ የበቃው፣ ዳይናታክ የተባለው የሞቶሮላ ስልክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር፤ ባትሪው የሚያስወራው 30 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

የእኛ «ቀፎ» ግን ከዚህ አልመጣም። ቃሉ ከሞባይል ይቀድማል። በቤት ስልክ ዘመንም «ቀፎውን አነሳ»፣ «ቀፎውን ሰቀለ» ይባል ነበር፤ ያኔ ስለ ሴል የሚያወራ አልነበረም። ቀፎ በአማርኛ የንብ ቤት ብቻ አይደለም። ውስጡ ክፍት የሆነ፣ አንድ ነገር እስኪገባበት የሚጠብቅ የውጭ አካልም ቀፎ ነው። «ባዶ ቀፎ» የምንለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ግን እንዴት ያለ አጋጣሚ!

ሞባይል ሲመጣ ቃሉ ይበልጥ ጠቀመ። «ቀፎ አለኝ፣ ሲም የለኝም» ሲባል ዕቃውና መስመሩ ተለዩ። ሲም ያልገባበት ስልክ ንብ ያልገባበት ቀፎ ነው።

ከእንግሊዝኛ የወሰድነውንም ቢሆን እንዳለ አልተውነውም። «ሚስኮል»ን ተመልከት። በእንግሊዝኛ ተቀባዩ ያመለጠው ጥሪ ነው፤ የሚደርስበት እንጂ የሚያደርገው አይደለም። እኛ ግን «ሚስኮል አድርግልኝ» እንላለን። ደዋዩ አስቦበት የሚያደርገው ሥራ ሆነ፤ ሂሳብ ሳይቆጥር «ደርሻለሁ» ወይም «መልሰህ ደውል» ለማለት። ይህ መዋስ ብቻ አይደለም፤ አዲስ ቃል መፍጠር ነው።

ስለ ታፔላው፦ የምትጠግን ከሆነ «የስልክ ጥገና» ብለህ ጻፍ። ቀፎም የምትሸጥ ከሆነ ከሥሩ «አዲስና ያገለገሉ ቀፎዎች» ጨምርበት። በአፋን ኦሮሞ በሚጻፈው በኩል «ቢልቢላ»ን አትርሳ። «ተንቀሳቃሽ» የሚለውን ተወው፤ ሠዓሊው በፊደል ቁጥር የሚያስከፍልህ ከሆነ ደግሞ ይቀንስልሃል።