የመመረቂያ ፕሮጀክትን በተርቦፕሮፕ አውሮፕላን ላይ መሥራት ያዋጣል?

ውድ ጠያቂያችን፣

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንደሆኑ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትዎን ባለ 70 መቀመጫ የተርቦፕሮፕ (በጋዝ ተርባይን ሞተር ፕሮፔለር የሚያሽከረክር) መንገደኛ አውሮፕላን በመንደፍ ላይ ሊሠሩ እንዳሰቡ፣ ጓደኞችዎ ግን «ፕሮፔለር ጊዜው አልፎበታል» ስላሉዎት እንዳመነቱ ጽፈውልናል። ርዕሱን እንዳይተዉት እመክራለሁ፤ ማጥበብ ግን ይኖርብዎታል።

የጓደኞችዎ ፍርድ ፍጥነትን ብቻ ያየ ይመስለኛል። ፕሮፔለር ብዙ አየርን በመጠኑ እያፈጠነ ወደ ኋላ ስለሚገፋ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ሲበር ጥቂት አየርን በኃይል ከሚተፋ ጄት ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን የምላጮቹ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት ስለሚጠጋ ብቃቱ ይቀንሳል፣ ጩኸቱም ይበረታል። በአጭር መስመር ላይ ደግሞ ፈጣኑ አውሮፕላን የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበረውና እ.ኤ.አ. በ1988 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው የተርቦፕሮፕ አውሮፕላን ኤቲአር 72 ለአሥርተ ዓመታት ሲመረት፣ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲበር የተነደፈው ሌላው ተርቦፕሮፕ ሳብ 2000 ግን ከትናንሽ ጄቶች ጋር ተፋጥጦ 63 ብቻ ተሠርቶ በ1999 ምርቱ ቆሟል።

ሙሉ የመንገደኛ አውሮፕላን ብቻውን የሚነድፍ ባለሙያ የለም፤ ቀጣሪም ይህን ከአዲስ ተመራቂ አይጠብቅም። ኤሮዳይናሚክስ፣ መዋቅር፣ የፕሮፔለር ሥርዓት ወይም የአየር ብቃት ማረጋገጫ (አውሮፕላኑ በደህና ለመብረር ብቁ መሆኑን በደንቡ መሠረት መፈተሽ) ከሚባሉት አንዱን ይምረጡ። በእኔ ግምት የመጨረሻው ወጣቶች የሚንቁት፣ ነገር ግን ንድፍን በእውነት የሚያስተምር ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1994 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የተከሰከሰውን ኤቲአር 72 ያስቡ፤ የተሳፈሩት 68 ሰዎች በሙሉ ሞተዋል። ማረፊያ ሲጠብቅ በሚበርበት ደመና ውስጥ ከተለመደው የተለቁ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዘው ገና ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች ስለነበሩ፣ እየተነፋ በረዶን ከሚሰባብረው የክንፍ ጎማ ሽፋን በስተጀርባ በረዶ ተጋገረና ኤይለሮኑ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፍ ኋላ ተንቀሳቃሽ ክፍል) በራሱ ተዛብቶ አውሮፕላኑ ተገለበጠ። አውሮፕላኑ የወቅቱን ፈተና ያለፈ ነበር፤ ደንቡ ግን እንዲህ ያሉ ጠብታዎችን አላካተተም። ሽፋኑ ብዙም ሳይቆይ እንዲሰፋ ሲደረግ፣ የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ሁኔታውን ያካተተ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ስለዚህ ፕሮጀክትዎ አንድ ጥያቄ ይኑረው፦ ለምሳሌ የጎማው ሽፋን በክንፉ ላይ ቢሰፋ ክብደቱ፣ የሚፈልገው የአየር ኃይልና የክንፉ የማንሳት ኃይል ምን ያህል ይለወጣሉ? ለማነጻጸሪያ ኤቲአር 72-600ን ይውሰዱ፤ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርዝመት 27 ሜትር፣ ከፍተኛው የመነሻ ክብደቱ 23 ቶን ገደማ ነው። የእርስዎ ስሌት ከታወቁት አኃዞች ርቆ ከሄደ ምክንያቱን ሳይሸፍኑ ይጻፉ፤ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ከውብ ሥዕል ይልቅ የሚያነጋግርዎ ያ ገጽ ነው።