ራውተር ከመግዛትህ በፊት ላፕቶፑ ተከፍቶ እንደሚያውቅ አስታውስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላፕቶፕህ በየአስር በየሃያ ደቂቃው ከዋይፋይ እየወጣ አስቸግሮሃል። ስልክህ ግን በዚያው ዋይፋይ ያለ ችግር ይሠራል። «ራውተር ልቀይር ወይስ ፎርማት ላስደርግ?» ነው ያልከው፤ ላፕቶፑን አስጠርገህ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ማስጫን ማለትህ ነው። እባክህ ሁለቱንም አታድርግ። እኔ አምና ሁለቱንም አድርጌ ገንዘቤ ሄደ፣ ሥራዬ ጠፋ፣ ላፕቶፑም መቋረጡን አልተወም። ከሦስት ወር በኋላ በ300 ብር ተሠራ። በመሃል «ባለፈው ስክሪኑን አሠርቼው ነበር» ብለህ ጣል ያደረግካት ነገር ናት ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገችኝ። ያንተና የኔ ችግር አንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አጥፍተህ አብራ፣ ፓስወርዱን እንደገና አስገባ የሚለውን አልደግምልህም። እሱን እንደሞከርክ አውቃለሁ።

1. መጀመሪያ የሚቋረጠው ማን እንደሆነ ለይ። ስታርት ላይ ሲኤምዲ (cmd) ብለህ ጥቁሩን መስኮት ሁለት ጊዜ ክፈት። በአንደኛው ፒንግ (ping) ብለህ የራውተርህን አድራሻ ጻፍ፤ ፒንግ አድራሻው ይመልስ እንደሆነ የሚሞክር ትዕዛዝ ነው። በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ የራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። በሁለተኛው ፒንግ ብለህ 8.8.8.8 ጻፍ፤ ይህ የጉግል አድራሻ ነው። ከሁለቱም ኋላ ክፍተት ስጥና ጭረትና ቲ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ጨምር። እሷ ከሌለች አራት ጊዜ ብቻ ሞክሮ ያቆማል። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ሥራህን ቀጥል።

ሲቋረጥ ቶሎ ብለህ እያቸው። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ብቻ ዝም ካለ ችግሩ ከቤትህ ውጭ ነው፤ መስመሩ ነው። ሁለቱም እኩል ዝም ካሉ ግን ችግሩ በላፕቶፕህና በራውተሩ መካከል ነው። በዚያው ሰዓት ስልክህ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑን ጠርጥር። ስልኩን ስትሞክር ዳታውን አጥፋ። ዋይፋይ ሲደክም ብዙ ስልኮች ሳይነግሩህ ወደ ዳታ ይሻገራሉ። «ስልኬ ይሠራል» ስትል ፓኬጅህን እየበላ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሙከራ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ የኢንተርኔት አቅራቢው ቅርንጫፍ ውስጥ ግማሽ ቀን ወረፋ አልጠብቅም ነበር። ወር መጨረሻ ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የአራት ትንንሽ ድርጅቶች መዝገብ እይዛለሁ። የደንበኞቼን ታክስ በኦንላይን የማሳውቅበት ቀን ደርሶ፣ ቅጹን ሞልቼ ልልክ ስል ይቋረጣል። እንደገና ስገባ የሞላሁት የለም። ተናድጄ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። የመስመር ቁጥሬን መታች፤ «መስመርሽ ኖርማል ነው» አለች፤ «ቀጣይ!» ብላ ጠራች። ቢያንስ ምን እንደምሞክር ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በኋላ ሲጣራ መስመሩ በእርግጥም ደህና ነበር። ሰውን እንደዚያ መሸኘት ግን ልክ አይደለም፤ እስካሁን ያናድደኛል።

2. የሚቋረጠው ባትሪ ላይ ሲሆን ነው ወይስ ቻርጀር ተሰክቶም ጭምር? ይህን ልብ በል። እኛ ቤት ራውተሩ በትንሽ ባትሪ ስለሚደገፍ መብራት ሲጠፋም ዋይፋይ አለ። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር የላፕቶፑ መቋረጥ ይብሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ሲሆን ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን (ላፕቶፑ ውስጥ ዋይፋይ የሚቀበለውን ዕቃ) ያደክመዋል፤ አንዳንዴም ያስተኛዋል። ስታርት ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ብለህ ግባ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለውን ዘርጋ፣ የዋይፋይ ካርድህን ስም ሁለቴ ጠቅ አድርግ፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ገጽ ላይ ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋ የምትፈቅደዋን ምልክት አንሳት። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ገጽ የለም፤ ብታጣው አትደንግጥ። እዚያው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ መቋረጡ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ ወደ ቀድሞው ድራይቨር መመለስ ይቻላል። «ሮል ባክ» የሚለው በተን ከደበዘዘ የሚመለስበት የቀድሞ ድራይቨር የለም ማለት ነው።

እኔ ምልክቷን ሳነሳት ትንሽ ተሻለኝ። አልዳነም ግን። ይህ መሻሻል ነው ያሳሳተኝ፤ ችግሩ ሶፍትዌር ነው ብዬ ደመደምኩ።

3. ኮንዶሚኒየም ከሆነ የምትኖረው የጎረቤት ዋይፋይም ይረብሻል። እኔ ጀሞ ነው የምኖረው። አንድ ማታ ስቆጥር ሃያ ሰባት ዋይፋይ መጣልኝ። ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ሲሠራ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች (የሞገዱ መተላለፊያዎች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ሰባት ቤት በሦስት ቻናል ሲጋፋ አስበው። ራውተርህ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሌላ ሞገድ ካለው ላፕቶፑን እዚያ ላይ አድርገው፤ በጣም ይፈጥናል። ግን ግድግዳ እንደ 2.4 አይሻገርም። ሳሎን ያለ ራውተር መኝታ ቤት ላይ ሊደክም ይችላል።

እኔ ታዲያ «ራውተሩ አርጅቷል» አሉኝና በ4,500 ብር አዲስ ገዛሁ። መጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ሳሎን ከራውተሩ ሥር ቁጭ ብዬ ስለሞከርኩት አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ማታ መኝታ ቤት ይዤው ገባሁ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ስልኬ እዚያው አልጋ ላይ ሙሉ ምልክት ያሳያል። አየህ፣ መልሱ እጄ ላይ ነበር። ስልኬ በሚደርስበት ቦታ ላፕቶፔ የማይደርስ ከሆነ ላፕቶፑ ጆሮው ደክሟል ማለት ነው። እኔ ግን እሱን ትቼ ከራውተር ሻጩ ጋር ተጨቃጨቅኩ። አልመልስም አለኝ፤ ከፍተሽዋል አለ።

4. ፎርማት። እዚህ ላይ ቀስ ብለህ አንብብ።

ላፕቶፑን መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሰውየው ሳይከፍተው፣ ሳይሞክረው፣ «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለ። 800 ብር። «ፋይሌስ?» ስለው፣ «ዲ ላይ ያለው አይነካም» አለኝ። ሲ ዊንዶውስ ያለበት፣ በፎርማት የሚጠፋው የማከማቻ ክፍል ነው፤ ዲ ሌላው ክፍል ነው። ዶክመንቶቼ ዲ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ እሺ አልኩ። ያላሰብኩት ፒችትሪን፣ የሂሳብ መዝገብ የምይዝበትን ፕሮግራም ነው። ፒችትሪ ካልቀየርክለት የድርጅቶቹን ዳታ ሲ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከሰዓት ሄጄ ላፕቶፑን ተቀበልኩ፤ ንጹህ፣ ፈጣን፣ ባዶ። የአንድ ደንበኛዬ ሰባት ወር መዝገብ የለም። ፍላሽ ላይ የነበረው ባክአፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ብቻ ነበር። የአምስት ወር ደረሰኝ ከካርቶን አውጥቼ አንድ በአንድ እንደገና አስገባሁ። አሥራ አንድ ሌሊት ፈጀብኝ። ለደንበኛዬ አልደበቅኩም፤ ደውዬ ነገርኩት። መዝገቡንም በጊዜው አስረከብኩት። በዚህ እኮራለሁ። ግን የማንም ሰው እጅ እንደዚያ እንዲንቀጠቀጥ አልመኝም።

ዋይፋዩስ? በዚያው ማታ ተቋረጠ።

ስመልሰው ሰውየው ዋጋ ቀየረ። «እንግዲያው ማዘርቦርዱ ነው፤ 18,000 ያስወጣል» አለ፤ የላፕቶፑን ዋና ሰሌዳ ማለቱ ነው። አሁንም አልከፈተውም። እዚያ ላይ ነቃሁ። ሳይከፍት ማዘርቦርድ የሚል ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። ላፕቶፔን ብብቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ።

5. የታናሽ ወንድሜ ጓደኛ ቤቱ ላፕቶፕ ይሠራል። አመጣሁለት። ገና ጠረጴዛው ላይ ሳላስቀምጠው የጠየቀኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «እህቴ፣ ይሄ ላፕቶፕ ተከፍቶ ያውቃል?»

ያውቃል። ከችግሩ ሁለት ሳምንት በፊት የስክሪኑ ማጠፊያ ተሰብሮ አሠርቼው ነበር። በሦስት ወር ውስጥ አንድም ሰው ይህን አልጠየቀኝም። እኔም አላገናኘሁትም፤ ማጠፊያና ዋይፋይ ምን አገናኛቸው?

ያገናኛቸዋል። የዋይፋይ ካርዱ ከታች፣ ከጀርባው ክዳን ሥር ነው። አንቴናዎቹ ግን በብዙ ላፕቶፕ ላይ ከላይ፣ በስክሪኑ ዙሪያ ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኙት ክር የመሰሉ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። የሚያልፉት በማጠፊያው ውስጥ ነው። ማጠፊያ ወይም ስክሪን ሲቀየር እነዚህ ሽቦዎች ይነቀላሉ፣ ይጎተታሉ፣ አንዳንዴም ይቆነጠጣሉ። የሠራው ሰው በደንብ ካልመለሳቸው ላፕቶፑ ከዋይፋይ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም። ከራውተሩ አጠገብ ሲሆን ያለ አንቴናም ቢሆን ትንሽ ይሰማል። ራቅ ሲል ይጠፋዋል። ስለዚህ ነው ሰው ሁሉ ራውተሩን የሚወቅሰው።

ልጁ ከመክፈቱ በፊት አንድ ነገር አሳየኝ። ላፕቶፑን ዋይፋይ ላይ አድርጎ ስክሪኑን በቀስታ ወደኋላ አስተኛው። ምልክቱ ከሦስት ወደ አንድ ወረደ። ወደፊት መለሰው፤ ተመለሰ። እንደገና አስተኛው፤ ተቋረጠ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እኔ አልጋ ላይ ስሠራ ስክሪኑን ሁልጊዜ ወደኋላ ነው የማስተኛው። ለካ ለዚህ ነው መኝታ ቤት የሚብሰው! ይህን አንተም አሁኑኑ ሞክረው፤ መፍቻ አያስፈልገውም፣ አንድ ደቂቃ ነው።

ከዚያ ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑን በፕላስቲክ ቀጭን ነገር ዙሪያውን እየፈለቀቀ አነሳው። ባትሪውን መጀመሪያ ነቀለ። ካርዱ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ጥቁሩ ሽቦ ቦታው ላይ አለ። ነጩ ግን ጫፉ ላይ ያለችው ወርቅማ ቀለበት ከካርዱ ላይ ተነቅላ በአየር ላይ ተንጠልጥላለች። ጥቁሩም ቢሆን ማጠፊያው ጋ ተቆንጥጦ ተላልጧል። ልጁ ጥቁሩን ከማጠፊያው አላቆ በጥንቃቄ ጠቀለለው። ነጩን ቦታው ላይ አስተካክሎ በጥፍሩ ጫን አለው። ቀጭ አለ። ሽቦዎቹ እንዳይነቃነቁ ትንሽ ቴፕ ለጠፈበት፣ ዘጋው። 300 ብር ሰጠሁት፤ እሱንም በግድ ነው የተቀበለኝ።

ይኸው ከተሠራ ስድስተኛ ወሩ ነው። መኝታ ቤት፣ ስክሪኑን አስተኝቼ፣ መብራት ጠፍቶም እሠራለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስክሪኑን ወደሠራልህ ሰው ተመለስ። ጥፋቱ የሱ ከሆነ በነፃ ሊያስተካክልልህ ይገባል። «ፎርማት እናድርገው» ካለህ እምቢ በል፤ «መጀመሪያ የአንቴናውን ሽቦዎች አሳየኝ» በለው። ሲከፍተው ከአጠገቡ አትነቀል። ስልክህን አውጣና ፎቶ አንሳ። ለማንም ከመስጠትህ በፊት ደግሞ ፋይልህን ፍላሽ ላይ አድርግ፤ ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሁሉ ሲ ድራይቭ ላይ እንደሆነ አትርሳ።

ሽቦዎቹ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ከሆኑ ከሰው የዩኤስቢ ዋይፋይ ተውሰህ ሰክተህ ሞክር። በእሱ ሳይቋረጥ ከዋለ ካርዱ ራሱ ወይም ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ካርዱ በብዙ ላፕቶፕ ላይ ብቻውን ይቀየራል፤ ማዘርቦርድ አያስቀይርም። ከመግዛትህ በፊት ግን ላፕቶፕህ የትኛውን ካርድ እንደሚቀበል አጣራ፤ ሁሉም ለሁሉም አይሆንም።

ዛሬ ማታ ስክሪኑን ወደኋላ የማስተኛቷን ሙከራ አድርግና ምልክቱ ምን እንደሆነ ጻፍልኝ። እጠብቃለሁ።