መልስ፦ «ፒክ አፕ» ስንት ትርጉም አለው?

ወንድሜ፣ በታክሲህ ከሜክሲኮ የጫንካቸው ፈረንጅ በአንድ ጉዞ «ፒክ አፕ» የሚለውን እንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መልክ እንደተናገሩና ግራ እንደገባህ ጽፈሃል። ግራ ቢገባህ አይገርምም።

«ነገ ፒክ ሚ አፕ አት ፒያሳ» ያሉህ ፒያሳ መጥተህ ውሰደኝ ነው። ለታክሲ ሥራህ ዋናው ይሄ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ «ሚ»፣ «ሂም»፣ «ኢት» የመሳሰሉት ሁሌም «ፒክ»ና «አፕ» መሃል ይገባሉ። «ፒክ አፕ ሚ» አይባልም! የዕቃ ወይም የሰው ስም ሲሆን ግን ነፃ ነህ፦ «ፒክ አፕ ዘ ባግ»ም «ፒክ ዘ ባግ አፕ»ም ያው ሻንጣውን አንሳ ነው።

«አይ ፒክድ አፕ ሰም አምሃሪክ» ሲሉህ ደግሞ ክፍል ገብቼ ተማርኩ አላሉም። ከሰው ጋር እየዋሉ፣ እየሰሙ አማርኛ ለቃቅመዋል። እኔ ከሁሉም ይሄኛውን እወደዋለሁ።

«ቢዝነስ ዊል ፒክ አፕ» ገበያው ይነቃቃል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚነሳ ዕቃም ሰውም የለም።

ስልክ ሲሆን እንደኛው ማንሳት ነው። ጉንፋን ሲይዝም ይባላል።

ደንበኛው ጋ ደርሰህ ስትደውል «አይም ሂር ቱ ፒክ ዩ አፕ» በል። ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ነው።