50 መጽሐፍ ላቀድከው ወንድሜ፦ የእኔ የንባብ ዓመት ከጳጉሜ 6 ነው የጀመረው

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከካምፓስ ከወጣህ ሁለት ዓመት ሆኖሃል። ቀኑን ሙሉ ኮድ ትጽፋለህ፣ ማታ ስልክ ስትጎረጉር እንቅልፍ ይወስድሃል። አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጨረስክም። አሁን በዓመት 50 ላንብብ ብለሃል፤ «የሞከረ ካለ ይንገረኝ፣ ለሥራስ ይጠቅማል ወይ?» ነው ጥያቄህ። እኔ ሞክሬያለሁ። በ2016 ዓ.ም. 40 አቅጄ 9 ጨረስኩ። ከ9ኙ ግን ሁለቱ ሥራ አስቀየሩኝ። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

ነገሩ የጀመረው በጥፋት ነው። በ2014 ለአንድ ድርጅት የክፍያ ሲስተም ስንሠራ የካላንደሩን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ጳጉሜን 5 ቀን ብዬ ዘጋኋት። በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ ተውኩት፣ በዚያው ረሳሁት። የዚያ ዓመት ጳጉሜ 5 ስለነበረች ማንም ሳይነቃ አለፈ።

ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ ሰኞ ጠዋት። እናቴ ቤት ለዶሮው ሽንኩርት እየላጥኩ ስልኬ ጮኸ። የድርጅቱ ገንዘብ ተቀባይ ናት። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ቀኑን አልቀበልም አለኝ፤ ሰው ተሰልፏል።» ስክሪኑ ምን ይላል አልኳት። አነበበችልኝ፦ «ልክ ያልሆነ ግብዓት»። ዝም ብላ ቆየችና «ግብዓት ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ለማስረዳት ግን ተንተባተብኩ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ስርበተበት እናቴ ከምድጃው ሥር ሆና ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ዘንድሮ ሉቃስ አይደል እንዴ? በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት እኮ!» ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ እናቴ ናት ይህን የምትለኝ።

ጥገናው አንድ መስመር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ስታካፍል 3 ከተረፈ ጳጉሜ 6 ናት፤ ካልሆነ 5። እናቴ ግን ማካፈል አያስፈልጋትም። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እያሉ ዓመታቱ ተራ ይገባሉ፤ ሉቃስ ስድስተኛዋን ቀን ይዞ ይመጣል፣ አለቀ። ያን ዕለት ሰው ለበዓሉ በግ ሲያሳድድ እኔ ባግ ሳሳድድ ዋልኩ። (ባግ የኮድ ስህተት ነው፤ ይቅርታ፣ ይህችን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።)

መስከረም ጠባና «ዘንድሮ አንባቢ እሆናለሁ» አልኩ። መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ገምት። የቴሌግራም ቦት ሠራሁ! ስንት ገጽ እንዳነበብኩ የሚቆጥር፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ፣ ግራፍ የሚስል። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ግራፉ ያምር ነበር፤ የሚያሳየው ግን ዜሮ ነው። ከዚያ ቁጥሩ እንዲሞላልኝ ብቻ «ስኬታማ ሁን» የሚሉ ቀጫጭን መጻሕፍት እየመረጥኩ አራት ጨረስኩ። ከ9ኙ አራቱ እነሱ ናቸው። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስታውስም። የ50ዋ ነገር የምታሰጋኝም ለዚህ ነው፤ ቁጥር ስታሳድድ ወፍራም መጽሐፍ ትፈራለህ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቦቱን አጠፋሁት።

ያተረፈኝ እልህ ነው። እናቴ በቃሏ የምታውቀውን እኔ ለምን በግምት እጽፋለሁ? አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ፤ በነፃ ነው የምትገባው። ስለ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስለሚወጣበት ስሌት፣ የተጻፈውን ማንበብ ያዝኩ። ድሮ የቄሶች ጉዳይ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ነበር። ለካ ጥርት ያለ አልጎሪዝም ነው።

የ2016ን ላሳይህ። በዓመቱ ላይ 5500 ትደምራለህ፤ 7516። ለ19 ስታካፍለው 11 ይተርፋል፤ አንድ ትቀንሳለህ፣ 10። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዝተህ 30 30 ስትገድፍ 20 ይተርፋል፤ እሱ አበቅቴ ነው። በ19 አባዝተህ እንደገና በ30 ስትገድፍ 10፤ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው። እኛ ፕሮግራመሮች ቴስት የምንለው፣ ስሌቱ ልክ መሆኑን መፈተሻ ማለት ነው፣ እዚያው ውስጡ ተሠርቶ ያለ። መጥቅዕ 10 ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 10 ላይ ይውላል። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ተደማሪ ቁጥር፣ 8 ነው። 10 እና 8፣ 18። መጥቅዕ ጥቅምት ላይ ሲውል ነነዌ የካቲት ላይ ነው፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ይገባል። ለፋሲካ ሁለት ወር ከ9 ቀን ጨምርበት፦ ሚያዝያ 27።

ማታ ቤት ገብቼ የግድግዳውን ካላንደር ገለጥኩ። ሚያዝያ 27፣ ፋሲካ። ብቻዬን ሳቅኩ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት «ታዲያ ይሄ ምን ያስደንቃል?» አለችኝ።

ሁለተኛው ፍቅር እስከ መቃብር ነው። በ1958 የወጣ መጽሐፍ ለፕሮግራመር ምን ያደርጋል እንዳትለኝ። ሁለቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ መግቢያው ላይ ነው የሚደክመኝ። በሦስተኛው መጀመሪያ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ሰማሁ፣ ከዚያ መጽሐፉን ያዝኩ። በቃ፣ ጆሮዬ ውስጥ እሱ ሆነ የሚያነበው። ከአያት እስከ ስታዲየም በባቡር ቆሜ፣ በአንድ እጄ ብረቱን በሌላው መጽሐፉን ይዤ ጨረስኩት። ወደ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ገጽ መግለጥ ሲያቅተኝ በአገጬ ነበር የማገላብጠው፤ ሰው ያየኝ ነበር። ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ጉዱ ካሳን ወደድኩት። አንተም ቢሮ አይጠፋም፤ ይህ ነገር እንዲህ አይቀጥልም ሲል ሁሉም እንደ እብድ የሚያየው ልጅ።

ለሥራ ይጠቅማል ወይ ላልከው፣ እኔን የጠቀመኝ ባልጠበቅኩት በኩል ነው። በእንግሊዝኛ አስቤ በአማርኛ ፊደል ስጽፍ እንደኖርኩ ገባኝ። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» ያን ጊዜ ነው ያስጠላኝ። ሄጄ ቀየርኩት፦ «ይህ ቀን በካላንደሩ የለም። እባክዎ ቀኑን አይተው እንደገና ይጻፉ።» ከዚያ በኋላ የሲስተሙን መልእክቶች አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። አለቃዬ እንዲያውም ጊዜ ማባከን ነው ብሎኝ ነበር።

ሰኔ ላይ ሌላ መሥሪያ ቤት ኢንተርቪው ገባሁ። የሠራኸውን አሳየን ሲሉኝ የባሕረ ሐሳቡን ኮድና እነዚያን መልእክቶች አሳየኋቸው። የቀረውን ጊዜ ስለ ጳጉሜ ስናወራ አለቀ። ሐምሌ ላይ ጀመርኩ። ደሞዙ ብዙም አልጨመረም፣ እንዳትጓጓ፤ ሥራው ግን ደስ ይለኛል።

ስለዚህ 50ዋን ተዋት። ሥራህ ላይ ያሳፈረህን ወይም እንቅልፍ የነሳህን አንድ ነገር ፈልግ፣ ስለ እሱ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ያዝ። ልብ ወለዱን ለባቡር ወይም ለታክሲ አድርገው። ቦት እንዳትሠራ፣ አደራ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የክፍያ ሲስተም ላይ ነው የምሠራው ብለሃል። 2019 ሉቃስ ነው። ኮድህ ውስጥ ጳጉሜ ስንት ቀን እንዳላት ዛሬውኑ ገብተህ እይ።