አሮጌ ጠረጴዛ ጓዳችሁ ላለ ወጣቶች

ልጆቼ፣

አዲስ ጠረጴዛ ለመግዛት ብር ከማጠራቀማችሁ በፊት፣ ጓዳ የተወተፈውን አሮጌ ጠረጴዛ ወይም ቁም ሳጥን ወደ ብርሃን አውጡና ገልብጣችሁ እዩት። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ቺፑድ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፤ ብሎንም መያዝ ይተዋል። የድሮው ግን ብዙውን ጊዜ ወጥ እንጨት ነው፤ ዋንዛ፣ ጥድ ወይም ዝግባ። ጥድን ከማይታይ ቦታ ትንሽ ብትፍቁት ጠረኑ ይነግራችኋል።

አሮጌ ዕቃ የማደሱን ሥራ እንድትሞክሩት የምመክረው ለቁጠባ ብዬ ብቻ አይደለም። አሮጌው ቅብ ተነሥቶ በእርጥብ ጨርቅ ስትዳብሱት የዋንዛው መስመር ድንገት ደምቆ ይወጣል። ያን ማየት እጅግ ደስ ይላል። ጥቅምም አለው፤ ርጥበቱ ቅቡ ሲደርቅ የሚኖረውን መልክ አስቀድሞ ያሳያችኋል፣ የቀረ ጭረትና የኮላ ነጠብጣብም ያጋልጣል።

ለመፋቅ አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ በተጨመቀ ጨርቅ እጠቡት። የጢስና የቅባት ጥቀርሻው ሲነሣ ሌላ ሥራ የማያስፈልገው ዕቃ ብዙ ነው። ካስፈለገ በምን እንደተቀባ እወቁ፦ በማይታይ ጥግ ላይ ንጹሕ አልኮል ነክታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ካጣበቀ ቅቡ ጎማላካ ነው፣ በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት ማንጸባረቂያ፤ በአልኮል እያራሳችሁ በጨርቅ ታነሡታላችሁ። በአልኮል ሳይሆን በቲነር ከለሰለሰ ላከር ነው። ሁለቱም ካልበገሩት ቫርኒሽ ነው፤ እሱ መፋቅ ይፈልጋል። አረቄ ለዚህ አይሆንም፤ ያለበት ውኃ ጎማላካውን ያነጣዋል። ያረጀ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ ፍቁት፣ ሕፃናትንም አርቁ።

የሚወዛወዝ እግር ካለ ከቅቡ በፊት ይጠገን። ሚስማር አትምቱበት፤ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ዝገቱም በዙሪያው ጥቁር እድፍ ይተዋል። መጋጠሚያውን አላቁና የድሮውን ኮላ እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቁ። ነጭ ኮላ የሚይዘው እንጨትን ነው፤ በደረቀ ኮላ ላይ ብታፈሱት ከወር በኋላ ያው ይወዛወዛል። ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ መያዣ) ከሌላችሁ እግሮቹን በገመድ ዙሩ፣ በመሃል አጭር ዱላ አስገብታችሁ ጠምዝዙ፣ እስከ ማግስቱ አትንኩት።

የእኛ አገር ብርድ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ከደረቀ እንደ ኖራ ይነጣና ኃይል ያጣል፤ ቫርኒሽም ሳይደርቅ ያድርና አቧራ ይሰበስባል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሩ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ሌሊቱን ሰው የማይተኛበት ደረቅ ክፍል ይደር። ቶሎ ይድረቅ ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥር የታመቀው አረፋ ይሠራል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ በጠዋት ቀቡ፤ በቀትር ቫርኒሹ ሳይረጋጋ ስለሚደርቅ የብሩሹ ፈለግ ይቀራል።

ብርጭቆ ወረቀቱ በቁጥር 120 ይጀምር፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 220፤ ሁልጊዜም በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ቁጥር ዘልሎ መሄድና በአግድም መፈግፈግ የሚያስከትለው ጭረት በደረቅ እንጨት ላይ አይታይም፤ ቫርኒሽ ሲነካው ግን ጎልቶ ይወጣል። ጠርዙን ደግሞ አስቀድማችሁ ፈትሹ፤ ላዩ የተለጠፈ ስስ የእንጨት ልባጥ ከሆነ ከ1 ሚሊ ሜትር ሊያንስ ስለሚችል በ220 ብቻ ዳበስ አድርጉት።

ለ1.20 በ0.70 ሜትር ጠረጴዛ ሦስት እጅ (ሦስት ዙር) ለመቀባት ሩብ ሊትር ገደማ ቫርኒሽ ይበቃል። ቆርቆሮውን አትነቅንቁ፣ አረፋ ይፈጥራል፤ በእንጨት ቀስ ብላችሁ አማስሉት። የመጀመሪያውን እጅ አሥር ከመቶ በሚሆን አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) አቅጥኑ። በብርድ ወራት በየእጁ መካከል ሁለት ቀን ጠብቁ፣ በ320 በቀስታ ዳብሱ፣ አቧራውን ጥረጉ። ጥድ ዘይት ስላለበት ቫርኒሽ እንዳይደርቅ ያስቸግራል፤ አስቀድማችሁ 100 ግራም ጎማላካ በግማሽ ሊትር አልኮል አሳድራችሁ አሟሙ፣ በስስ ጨርቅ አጥልሉና አንድ እጅ ቀቡት። ረከቦትና የቡና ትሪ የሚያርፍበት ገጽ ላይ ግን የመጨረሻው ቅብ ቫርኒሽ ይሁን፤ ጎማላካ በሙቀትና በውኃ ነጭ ክብ ይወጣበታል።

በተልባ ዘይት መቀባት ለምትፈልጉ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትርፉን ጥረጉ፤ ካልተጠረገ ለሳምንታት ያጣብቃል። የወጥ ቤት ዘይት በምትኩ አይሠራም። ዘይቱን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ተጨባብጦ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ይህን ከምር ያዙት። ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ወይም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ቅቡ በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠነክር አንድ ወር ያህል ይፈልጋል። እስከዚያ ትኩስ ጀበና አታሳርፉበት፣ ፕላስቲክም አታልብሱት፤ ይጣበቅና ሲላቀቅ ቅቡን ይዞ ይነሣል። ከወር በኋላ ዳንቴል ማንጠፍ ትችላላችሁ።